አዲሷን መኪናዬን ማን ቧጨራት?

ዛሬ የምናወራው ስለ ፍቅር ነው። ኧረ ቆዩ… ስለ ልጅቷ አይደለም! ስለ መኪና ፍቅር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አንገቴን ደፋሁ። የሳቅሁት በልጁ ነው፣ ያፈርኩት ግን በራሴ። ለምን እንዳፈርኩ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ። በቅድሚያ ደብዳቤውን አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ዕቁብ ጥዬ፣ የቀረውን ከባንክ ተበድሬ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ዜሮ ዜሮ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ጥቁር ናት። ከማብራቷ የተነሳ ፊቴን ታሳየኛለች። ግን ሰላም አጣሁ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ቀለሟ ሳይደክም ዛሬውኑ በኮምፓውንድ እሻት› ይለኛል። ሌላው ‹ስድስት ወር እስኪሞላት ሰም የሚባል ነገር እንዳታስነካት፣ ቀለሟ ገና መተንፈስ አለበት› ይለኛል። አጎቴ ደግሞ ‹ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ነው እንጂ የምን ቅንጦት ነው!› ይላሉ። እጮኛዬ ‹ለእኔ እንዲህ አስበህልኝ ታውቃለህ?› ብላ አኩርፋለች። ሌሊት እየተነሳሁ በመስኮት አያታለሁ፤ መኪናዋን ማለቴ ነው። ማንን ልስማ?
መኪናዋ እንቅልፍ የነሳችው፣ ከሲኤምሲ»

ስማኝ ወንድሜ። የእጮኛህን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። የመኪናዋን ግን የጠየቅኸው ትክክለኛውን ሰው ነው። ትክክለኛ ያልኩት ባለሙያ ስለሆንኩ አይደለም፤ ከስሬ ስለተማርኩ ነው።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ፣ አብዛኛው ሰው ከዱባይና ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ መኪና ሲገዛ፣ እኔ ከአፌ እየነጠቅሁ ያጠራቀምኩትን ብር አፍስሼ አንዲት ትንሽ ጥቁር መኪና ከነላስቲኳ ገዛሁ። ከነላስቲኳ ስላችሁ የአነጋገር ዘይቤ አይደለም፤ የወንበሯን ላስቲክ ዓመት ሙሉ አላነሳሁትም! በበጋ ከሱሪና ከቀሚስ ጋር እየተጣበቀ ስንቱን ወዳጅ አስቀየምኩበት መሰላችሁ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። የግቢያችን በር ላይ አሥራ ስምንት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ መኪና ያጥብ ነበር። ሁለት ባልዲ፣ አንድ ጀሪካን፣ ጥቂት ጨርቆች… ንብረቱ ይኸው ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ የግቢውን መኪኖች አንድ በአንድ ያዳርሳል፣ አመሻሹ ላይ ደብተሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ማታ ትምህርቱ ይሄዳል። ሁላችንም በወር የምንከፍለው ደንበኞቹ ነበርን።

ለእኔ ግን የእሱ እጥበት አልበቃኝም። እሁድ እሁድ ቁርሴን እንደበላሁ አሮጌ ቲሸርት ቀድጄ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ የገዛሁትን ኮምፓውንድ ከፍቼ፣ ኮፈኖዋን ክብ ክብ እያደረግሁ ማሸት ነው ሥራዬ። ባለሱቁ የሸጠልኝ «ፖሊሽ ነው፣ ያበራል» ብሎ ነው። ደግሞም ያበራል! ጎረቤት ሲያልፍ «አቤት ስታምር!» ይለኛል፤ እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ የባሰ አሻለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን በነጩ ጨርቄ ላይ ጥቁር ነገር ወጣ። ምን ብል ጥሩ ነው? «ይኸው! ይህን ሁሉ ቆሻሻ ተሸክማ ኖሯል!» ብዬ ደስ አለኝ። ይህችን ጥቁር ነገር ያዙልኝ።

ክረምቱ አልፎ የጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ፣ አንድ ጠዋት ኮፈኖዋን አየት ሳደርግ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶባታል። ጠርዟ ላይ ደግሞ ጣት የምታህል ቦታ ላይ ማብረቋ ጠፍቶ ፈዛለች። ደሜ ፈላ! መኪናዬን ከእኔ ሌላ ማን ይነካታል? ያ ልጅ!

ሰው በተሰበሰበበት ሄጄ «በአሸዋ ነው እንዴ የምታጥበው? የሰው ንብረት መጫወቻ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ባልዲውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው ጠረገና «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጨርቄን ሳላለቀልቅ መኪናዎትን ነክቼ አላውቅም። እሁድ እሁድ የሚቀቡት ነገር…» ብሎ ሲጀምር አላስጨረስኩትም። «ደግሞ እኔን ልታስተምረኝ ነው?» አልኩና የወሩን ሂሳብ ከለከልኩት።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንዱ ጎረቤቴ የራሱን መኪና ፀሐይ ላይ አውጥቶ አየ፤ እሱም ጭረት አገኘ። ፈልጎ ጭረት የሚያጣ ማን አለ? በሳምንቱ ግማሹ ደንበኛ ሸሸው። በሁለተኛው ሳምንት የግቢው ጥበቃ «እዚህ በር ላይ አትቁም» አለው። በሦስተኛው ሳምንት ባልዲዎቹም እሱም አልነበሩም። እውነቱን ልንገራችሁ… ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም።

ከወር በኋላ ጭረቱን እንዲያጠፉልኝ መኪናዬን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። እዚያ ዕድሜያቸውን በሙሉ መኪና ሲቀቡ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። ባትሪያቸውን አብርተው ኮፈኖዋን በአግድም አዩዋት፤ ጠርዟን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ይህን በኮምፓውንድ ያሸው ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ። የቧጨራት ግን አጣቢው ልጅ…»

«ኧረ ተው! አጣቢ ከሆነ በሩንም ጣሪያውንም ያዳርሰዋል። ይኸው በሩን እየው፣ ጣሪያውን እየው። ጭረቱ ያለው አንተ ባሸህበት ቦታ ብቻ ነው። ለመሆኑ ስታሸው ጨርቅህ ላይ ጥቁር አልወጣም?»

ዝም አልኩ።

«እሱን ቆሻሻ አደረግኸው? ቀለሟ ነው እኮ! ክሊሩን ጨርሰህ ቀለሟን ስትልጣት ነው የከረምከው።»

እንግዲህ አዲሷን መኪናዬን ማን ቧጨራት? እኔው! ልጁ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የሲኤምሲው ወንድሜ እኔ የሠራሁትን እንዳይሠራ መልሱን ልስጠው።

መኪናህ ስንት ልብስ ለብሳለች?

አዛውንቱ ያስረዱኝ፣ በኋላም እያነበብኩ ያረጋገጥኩት ይህን ነው። የአዲስ መኪና ቀለም አንድ ልብስ አይደለም። ከብረቱ ላይ ዝገት የሚከላከል ሥረኛ ቀለም አለ፤ ከዚያ ማስተካከያው፤ ከዚያ ራሱ ቀለሙ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን፣ ቀቢዎቹ «ክሊር» የሚሉት። የሚያበራው እሱ ነው፤ ፀሐይን የሚመክተውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክሊሩ ለብቻው ደግሞ ወደ 0.04 ወይም 0.05 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከአንዲት የራስ ፀጉር ይሳሳል ማለት ነው! እኔ ታዲያ በየእሁዱ የብርጭቆ ወረቀት ዘመድ ይዤ የምወርድባት በዚህች ስስ ነገር ላይ ነበር። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ ሽፋኑ ይበልጥ ይሳሳል፣ የጣት ግፊትም እዚያው ይበረታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ጠርዙ ያለቀው። ፀጉር ቢላጭ ይበቅላል፤ ክሊር ግን አይበቅልም። ካለቀ መድኃኒቱ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

ፖሊሽና ሰም አንድ አይደሉም

በእኛ ሱቆች ሁሉም ነገር «ፖሊሽ» ነው። የጫማውም ፖሊሽ፣ የመኪናውም ፖሊሽ! ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ኮምፓውንድና የመኪና ፖሊሽ ይፍቃሉ፤ ውስጣቸው ደቃቅ ፋቂ ዱቄት አለ። ጭረትን የሚያጠፉት ሞልተውት ሳይሆን ዙሪያውን ፍቀው ከጭረቱ ጋር እኩል በማድረግ ነው። ኮምፓውንድ ሻካራው ነው፣ ፖሊሽ ለስለስ ያለው። ሰም ግን አይፍቅም፤ ይሸፍናል። ጥሩ ከሚባሉት የመኪና ሰሞች አንዱ፣ ካርናውባ፣ የሚገኘው ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው። በፋብሪካ የሚቀመመው «ሲላንት» ደግሞ ሥራው እንደ ሰም ሆኖ ብዙ ጊዜ ከሰም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ልብ በሉ፣ «ክሊነር ዋክስ» የሚል ካያችሁ ሰምና ፋቂ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን ሳታነቡ አትግዙ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጓደኛህ መልሱ፦ ጭረት የሌለባት አዲስ መኪና ኮምፓውንድም ፖሊሽም አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ሽፋን ነው። ያልታመመ ሰው መርፌ አይወጋም!

«ስድስት ወር ቆይ» ከየት መጣ?

ሁለተኛው ጓደኛህ ውሸት አልነገረህም፤ የሌላ መኪና ምክር ነው የነገረህ። ተጋጭታ ጋራዥ ውስጥ የተቀባች መኪና ቀለሟ በዝቅተኛ ሙቀት ወይም በአየር ስለሚደርቅ፣ በውስጡ የቀረው ቀጭን ኬሚካል ቀስ እያለ ይወጣል። ለእሷ እንደ ቀለሙ ዓይነት ከ30 እስከ 90 ቀን ሰም ሳይቀቡ መቆየት ተገቢ ነው። አዲስ መኪና ግን ፋብሪካ ውስጥ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚደርስ ምድጃ ገብታ ነው ቀለሟ የሚጋገረው። ደርቃ፣ በስላ ነው የወጣችው። ከዚያ በኋላ ደግሞ መርከብ ላይ ከርማ፣ ጅቡቲ ወደብ ፀሐይ መትቷት፣ አቧራውን ጠግባ ነው እጅህ የገባችው። ስለዚህ በገዛሃት ማግስት ሰም ብትቀባት ምንም አትሆንም፤ ይልቅስ ትጠቀማለች።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗንም አትርሳ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፤ ቀለሙ ግን ቅዝቃዜውን ሳይሆን ጨረሩን ነው የሚቆጥረው።

አጎትህን ደግሞ ከአክብሮት ጋር እንዲህ በላቸው፦ ነጭ ጋዝም ሆነ ናፍጣ የሚያበራው ቅባቱ ላዩ ላይ ስለሚቀር ነው። ከሰዓት በኋላ ያ ቅባት የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። በማግስቱ አቧራውን ስትጠርገው ይቧጭራል። የተቀባ ሰም ካለም ያነሳዋል፣ የበሩንና የመስኮቱን ጎማም ይጎዳል።

ሥራው የሚጀምረው ከእጥበቱ ነው

መኪናን የሚቧጭራት አብዛኛውን ጊዜ ሌባ ወይም ባጃጅ አይደለም፤ ጨርቅ ነው። አቧራ ውስጥ ከክሊሩ የሚጠነክር ደቃቅ አሸዋ አለ። ጠዋት ጠዋት ጤዛውን በደረቅ ጨርቅ የምትጠርጉ ሁሉ አሸዋውን ይዛችሁ መኪናዋን እያሻችኋት ነው። ታዲያ እንዴት ትታጠብ?

አንደኛ፣ ጥላ ውስጥ አቁሟት፤ ኮፈኖዋን በእጅህ ስትነካው ቀዝቃዛ ይሁን። ፀሐይ ላይ ከታጠበች ሳሙናው ደርቆ ምልክት ይተዋል። ቀለበትህን፣ ሰዓትህንና ባለብረት ቀበቶህን አውልቅ። የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነች ቻርጅ ላይ እያለች አትጠባት፤ የቻርጅ መሰኪያው ክዳንም በደንብ የተዘጋ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ከመንካትህ በፊት ውሃ አፍስስባት። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ቢሆን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለዚህ ይበቃል። ከጣሪያው ጀምረህ አቧራውን አውርደው።

ሦስተኛ፣ ሁለት ባልዲ አዘጋጅ። አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጨርቁን ሳሙና ነክረህ አንድ ቦታ ታጥብና፣ ወደ ሳሙናው ከመመለስህ በፊት በንጹሑ ውሃ ታለቀልቀዋለህ። አሸዋው እዚያ ይቀራል ማለት ነው። ሳሙናው የመኪና ሻምፑ ይሁን። የልብስ ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሰሙን ጠራርገው ያነሱታል።

አራተኛ፣ ማይክሮፋይበር የሚባለውን ለስላሳ ጨርቅ ተጠቀም። ከላይ ወደ ታች፣ በቀጥታ መስመር እንጂ ክብ ክብ አትሂድ፤ አትጫነውም። ጎማና ቸርኬ በራሳቸው ጨርቅ መጨረሻ ላይ ይታጠባሉ። መሬት የወደቀ ጨርቅ ለዚያ ቀን ሥራው አበቃ፤ ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ቀለሟን አይነካም!

አምስተኛ፣ በሌላ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጫን ጫን እያደረግህ ውሃውን አስመጥጠው። ቆሻሻውን ውሃ ደግሞ አስፋልት ላይ አትልቀቀው፤ አላፊ አግዳሚው የሰው ልጅ ነው።

የፌስታሏ ዘዴ

ታጥባ ከደረቀች በኋላ እጅህን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገባና ኮፈኖዋን ቀስ ብለህ ዳሰስ። ባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት በፌስታል ውስጥ ይሰማል። ልስልስ ካለ እሰየው፣ በቀጥታ ወደ ሰሙ ሂድ። ከሻከረ ግን በመንገድ ላይ የተጣበቀባት ነገር አለ። ለዚህ «ክሌይ» የሚባል ሊጥ የሚመስል ነገር ይሸጣል። የሳሙና ውሃ እየረጨህ ሳትጫነው ታንሸራትተዋለህ፤ ሲቆሽሽ አጥፈህ በንጹሑ ገጽ ትቀጥላለህ። ከእጅህ አምልጦ መሬት ከወደቀ ብር አወጣሁበት ብለህ አትሳሳለት፤ ጣለው።

ዓይንህ የሚያየው ጭረት ካለ ብቻ፣ በጣም ደቃቅ የሆነውን ፖሊሽ ይዘህ እዚያችው ቦታ ላይ ብቻ፣ በቀላል እጅ ሞክር። ከጠርዝ ራቅ። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ከሆነ አትነካካው፤ ለባለሙያ ተወው። ጨርቅህ ላይ የመኪናዋን ቀለም ካየህ ደግሞ በስመአብ ብለህ አቁም! የኔን ታሪክ አስታውስ።

ሰም አቀባቡ

አሁንም ጥላ ውስጥ ነን። ለአንድ በር ወይም ለኮፈኖው ግማሽ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ሰም ትበቃለች። ብዙ ሰም ብዙ ጥበቃ አይደለም፤ ብዙ ድካም ነው። በለስላሳ ስፖንጅ ስስ አድርገህ፣ አንዱን ክፍል ጨርሰህ ወደ ሌላው። ጥቁር ፕላስቲኩን አታስነካው፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሰሙ ዳመና ሲመስል በጣትህ ጫፍ ነካ አድርገው። ያለመዝረክረክ ከተነሳ ደርቋል ማለት ነው። ያኔ በንጹሕ ጨርቅ ታነሳውና፣ ጨርቁን ገልብጠህ ታበራዋለህ። የመኪናዋ ቀለም የማያብረቀርቀው «ማት» የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሆንላትም፤ ለእሷ የተሠራ የራሷ መከላከያ አላት።

በስንት ጊዜ? ለሰም በየሁለትና ሦስት ወሩ ጥሩ ነው። የኔ ልማድ ክረምቱ ሳይገባ ሰኔ ላይ አንዴ፣ መስከረም ላይ አንዴ፣ ከዚያ በበጋው መሃል አንዴ ሁለቴ ነው። ካላመንክ ውሃውን ጠይቀው፦ ውሃ ስታፈስባት ዶቃ ዶቃ እየሆነ ከተንከባለለ ሰሙ አለ። ዝርግ ብሎ ከተኛ ሰሙ ሄዷል።

ከዚህ ሌላ ቀን የማይሰጡ ጠላቶች አሉ። የወፍ ኩስ ፀሐይ ካገኘው ክሊሩን ይበላዋል፤ ውሃ የነከረ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አስተኛበትና ሲርስ አንሳው እንጂ በጥፍር አትፋቀው። የዛፍ ሙጫ ለስለስ ባለ ጨርቅ ላይ በተጠባጠበ ጥቂት የሕክምና አልኮል ይለቃል፤ ከዚያ ቦታውን አጥበህ መልሰህ ሰም ቀባው። የሕንፃ ግንባታ ሥር አታቁም፤ የደረቀ የሲሚንቶ ፍንጣሪ ክፉ ነው። ከፋብሪካ የተለጠፈባት መከላከያ ላስቲክ ካለም ዛሬውኑ አንሳው። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ሙጫው ይደርቅባታል። የወንበሩንም ጭምር አንሳው ወንድሜ… እጮኛህን አስባት!

ልጁስ?

ከጋራዡ በወጣሁ ማግስት ልጁን ፍለጋ ተነሳሁ። በራችን ላይ የጀበና ቡና የምታፈላውን ልጅ ጠየቅኋት። መጀመሪያ አየችኝና ዝም አለች። «አሁን ደግሞ ምን ሊያደርጉት ነው?» አለችኝ። ለክፋት እንዳልሆነ ስነግራት ያለበትን ሰፈር ጠቆመችኝ።

ያገኘሁት አንድ ላቫጆ ውስጥ በቀን ሂሳብ ሲሠራ ነው። ማታ ማታ ስለሚያስመሽቱት ትምህርቱን አቋርጧል። ይህን ሲነግረኝ የምገባበት ጠፋኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ አዛውንቱ የነገሩኝንም ሁሉ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ያን ቀንም ልነግርዎት ነበር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። የከለከልኩትን የአንድ ወር ሂሳብ ሦስት እጥፍ አድርጌ ሰጠሁት። ቆጠረው፤ የራሱን አንድ ወር ብቻ ኪሱ ከተተና ቀሪውን መለሰልኝ።

በተከታዩ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነስቼ «መኪናዬን የቧጨርኳት እኔ ነኝ፤ ልጁ ምንም አላጠፋም» አልኩ። ሰው ፊት የሰደቡትን ሰው ፊት ካልካሱት ምኑን ይቅርታ ሆነ? ጥበቃውም በሩን ፈቀደለት። ልጁ ባልዲዎቹን ይዞ ተመለሰ፤ በመንፈቁ የማታ ትምህርቱንም ቀጠለ። ከደንበኞቹ ግማሾቹ መጡለት። ግማሾቹ ግን አልመጡም፤ «ምንም ቢሆን ሳይነካት አይቀርም» ይላሉ። ያን ወሬ የዘራሁት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬም ልለቅመው አልቻልኩም።

የኔስ መኪና? አንድ ጠዋት ፈራ ተባ እያልኩ «እንደ ድሮው ትይዝልኛለህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ። መኪናዎትን ግን ራስዎ ይጠቧት» አለኝ። አልተቀየምኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሴ ነኝ የማጥባት፣ ራሴ ነኝ ሰም የምቀባት። እሁድ ሁለት ባልዲ ይዤ ስወርድ ልጁ ከሩቅ ያየኛል። አንዴ ጨርቄ መሬት ወድቆብኝ ላነሳው ስል «ጋሼ! እሱን ተዉት፣ ሌላ ይያዙ!» ብሎ ጮኸብኝ። ያን ቀን አላስጨረስኩትም ነበር፤ ዛሬ ግን ሰማሁት። ሌላ ጨርቅ ያዝኩ።

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ሁለቱንም በአንድ ዓመት ውስጥ ሠርቻቸዋለሁ። ኮፈኖዋን አስቀባኋት፣ ብር ወጣ፣ አለፈ። የልጁን ስም ግን ወስጄ የማስቀባበት ጋራዥ አላገኘሁም።

ስለዚህ የሲኤምሲው ወንድሜ፣ ማንንም ሳትሰማ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ሻምፑ፣ አራት ማይክሮፋይበርና አንዲት ጣሳ ሰም ግዛ። ኮምፓውንዱን ለሰጠህ ጓደኛህ መልስለት። ሰው የሚያጥብልህ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅና ሻምፑ አንተው አቅርብለት፤ ጭረት ስታይም ከመጮህህ በፊት ያለፈውን እሁድ የራስህ እጅ የት እንደነበረ አስታውስ። እጮኛህን ደግሞ ሌሊት መኪናዋን ለማየት በነቃህ ቁጥር ለእሷ ጠዋት የምትልከውን መልእክት አስብ። እሷም ብትሆን ሽፋን እንጂ ፍተጋ አትወድም!

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ሰንብቱልኝ።